ከውሻው ቀድሞ የሚነሳው

ተረት ተረት፤
የመሠረት።

በጎች ነገ የሚሰማሩበትን መስክ በኮምፒውተር ይመዘግቡ ነበር። አያ ጅቦ ግን በሄዱበት ሁሉ ቀድሞ ይጠብቃቸዋል። ምስጢር የሚያወጣው ማን እንደሆነ ቢጨንቃቸው ጠጋኟን እንኮዬ ጦጢትን ጠሩ።

«መፍትሔው ፎርማት ነው» አለች፤ ጥርሴን አመመኝ ቢሏትም መልሷ ይኸው ነው። ያለውን ሁሉ አጥፍታ እንደ አዲስ ጫነችው። በማግስቱ አያ ጅቦ አንድ ጠቦት በላ። ደግማ ፎርማት አደረገችው፤ ደግሞ በላ።

በመጨረሻ አውራው በግ ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚነቃውን ዘበኛ ውሻ «ማንን አስገባህ?» አለው።

«ከነቃሁ በኋላ ዝንብ አላሳለፍኩም!» ብሎ ማለ ውሻ።

«የሚቀሰቅስህስ ማነው?»

«ነቀዝ ነዋ! ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ እዚያው ውስጥ ይኖራል። ሁልጊዜ ከሁላችን ቀድሞ ተነስቶ ሥራ ይጀምራል። ስንት ጊዜ ፎርማት ሲደረግ እንኳ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።»

የአውራው በግ ዓይን እንባ አቀረረ። «ታማኝ ማለት እንዲህ ነው!» አለና ከዚያች ቀን ጀምሮ መስኩን ነቀዝ ራሱ እንዲመርጥ ሾመው።

በማግስቱ በጎቹ አያ ጅቦ ደጃፍ ተሰማሩ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ የሚመልስ በግ ከተረፈ።