ልጅ ያዘለው ጅብ

ተረት ተረት! ላሟን በረት አስገብታችሁ ስሙኝ።

ሚስቱ የሞተችበት አንድ ጅብ ልጁን በአንቀልባ አዝሎ ለአደን ወጣ። ሁለት ቀን ምንም አልበላም። ልጁም ሁለት ቀን ሲያለቅስ ቆይቶ ገና አሁን መተኛቱ ነው። መንገድ ላይ አንዲት አፈኛ አህያ አገኘና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ልበላሽ ነው፤ ግን እባክሽ እንዳትጮኺ፣ ልጄ ተኝቷል» አላት በሹክሹክታ።

«አያ ጅቦ፣ አገር የምታሸብረው አንተ አልነበርክ እንዴ? ዛሬ ሞግዚት ሆነህ እባክሽ ትለኛለህ? እስቲ ንካኝ፣ ሰባት ተራራ የሚሰማው ጩኸት ነው የምለቀው!» አለችው።

የጅቡ ሆድ በረሃብ አጉረመረመ። በዚያ ድምፅ ልጁ ጀርባው ላይ ተገላበጠ። ጅቡ ደንግጦ «እሹሩሩ» እያለ ወዘወዘው።

ከዚያም አህያዋን፣ «በይ ሂጂ» አላት። «ደግሞ ኮቴሽ እንዳይሰማ!»