ጭልፊቱ የት ነው?

ተረት ተረት! «የዶሮ ቤት!» በሉኝ።

አንድ አውራ ዶሮ ነበረ። ጫጩቶችን ጎተራ አጠገብ ሰብስቦ ላይና ታችን፣ ፊትና ኋላን ያስተምር ነበር። ክንፉን ወደ ሰማይ አንሥቶ «ላይ!» ሲል፣ ጫጩቶቹም አንገታቸውን አስግገው «ላይ!» ይላሉ። በትክክል ለመለሰ ይጨበጨብለታል።

ጭብጨባው የሚበዛው ለነጯ ጫጩት ነበር። ግራጫዋ ግን ስትጠየቅ አትናገርም፤ «ሥር» ሲባል ሮጣ ጎተራው ሥር ትገባለች።

«አንቺ ደንቆሮ! በይ አልኩሽ እንጂ ግቢ አልኩሽ?» ይላታል መምህሯ።

አንድ ቀን ጭልፊት ከሰማይ ያንዣብብ ጀመር። አውራ ዶሮው አየውና ጥሩ ምሳሌ በማግኘቱ ደስ አለው።

«ልጆች፣ ጭልፊቱ የት ነው ያለው?»

ግራጫዋ እንደ ልማዷ ሹልክ ብላ ጎተራው ሥር ገባች። ነጯ ክንፏን አወጣችና፣ «መምህር፣ ጭልፊቱ ያለው ከእኛ በላይ ነው!» አለች።

«ጎበዝ! በሙሉ ዓረፍተ ነገር መለሰች፤ አጨብጭቡላት!»

ጭልፊቱ ጭብጨባው እስኪያልቅ አልጠበቀም።

እናት ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ውላ ተመለሰች። ልጆቿን አንድ በአንድ አየችና፣ «ነጯ ልጄስ የት አለች?» ብላ ጠየቀች።

አውራ ዶሮው ሰማይ ሰማዩን እያየ፣ «ላይ» አላት።

ይህን ጊዜ ግራጫዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ከጎተራው ሥር ሳትወጣ፣ «ልክ ነው፤ አጨብጭቡለት» አለች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በጥሬ አብሱ። ጭብጨባው ይቅርብኝ።