ለትርንጎ ካሜራ፣ ለአባ ኮዳ የዓሣ ጭንቅላት

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። እኔ እንደሆንኩ አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም።

ሐዋሳ ውስጥ ትርንጎ የምትባል የፋርማሲ ሠራተኛ ነበረች። ከሥራ ስትወጣ ፎቶ ማንሳት ነፍሷ ነው። ግን በስልኳ ወፍ ስታነሳ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። «ምናለ አንድ ደህና ካሜራ ቢኖረኝ!» አለች። ምክር ጠየቀች። አንዱ «ትልቁን ያዢ» አላት። ሌላው «ኧረ ትንሹን!» አላት። ሦስተኛው «ዋናው ሌንሱ ነው» ብሎ ሲያብራራ መሸ። ራሷ ዞረ። በመጨረሻ የፎቶ ቤቱን ባለቤት የጋሽ ላቲሶን ካሜራ ያዝ አደረገችው። ለእጇ ልክ ነው። «በቃ፣ የኔ ይኼ ነው!» አለች።

ጋሽ ላቲሶ ፎቶ ቤቱን ዘግተው ነገ ልጃቸው ጋ ይርጋለም ሊጠቃለሉ ነው። ስለዚህ ዛሬ ካልሆነ የለም።

«እኔስ በሸጥኩልሽ ነበር ልጄ» አሉ። «ግን ባለቤቴ እሺ ካላለች ንቅንቅ አይልም።»

ባለቤታቸው እትዬ ዘርትሁን ወገባቸውን ይዘው ወጡ። «ይኼ ሰውዬ የከተማውን ሙሽራ ሁሉ አነሳ። የገዛ ሠርጋችን ዕለት ግን ካሜራዬን ሰው አላስነካም ብሎ ራሱ ሲያነሳ ዋለ! አልበሙን ግለጪው። እኔ ብቻዬን፣ እኔ ከሚዜዎቼ ጋር፣ እኔ ከኬኩ ጋር። ባል የሌላት ሙሽራ! ዛሬ አጠገቤ ተቀምጦ ካልተነሳ ካሜራው አይወጣም!» ነገሩ የትርንጎን አንጀት በላው።

«ጋሼ፣ በሞቴ ይነሱ!»

«ያለ ኮት? ለስንቱ ኮት እያዋስኩ ያነሳሁ ሰውዬ? ኮቴ ልብስ ሰፊው ጋ ነው።»

ትርንጎ ሮጠች።

«ጋሽ ሽኩር፣ ኮቱን ይስጡኝ! ኮት ከሌለ ባል አይነሳም፣ ባል ካልተነሳ ሚስት እሺ አትልም፣ ሚስት እሺ ካላለች ካሜራ የለም!»

«እጅጌው ተንጠልጥሎ ልስጥሽ?» አሉ ልብስ ሰፊው። «የስፌት መኪናዬ ቺንጋ ተበጥሷል። ጫማ ሰፊው ከቆዳ ይሥራልኝ።»

ወደ ጫማ ሰፊው በረረች።

«እንዳሻው፣ ቺንጋ ሥራልኝ! ቺንጋ ከሌለ መኪና አይሰፋም፣ መኪና ካልሰፋ ኮት የለም፣ ኮት ከሌለ ባል አይነሳም፣ ባል ካልተነሳ ሚስት እሺ አትልም፣ ሚስት እሺ ካላለች ካሜራ የለም!»

«በምን ልብሳው? በጥርሴ?» አለ እንዳሻው። «ወስፌዬን ዓሣ አጥማጁ ተውሶ በዚያው ቀረ።»

ወይ ጣጣ! ወደ ሐይቁ ወረደች። ጫማዋ አሸዋ ጠጣ።

«ዱካሞ፣ ወስፌውን መልስ! ወስፌ ከሌለ ቺንጋ አይሠራም፣ ቺንጋ ከሌለ መኪና አይሰፋም፣ መኪና ካልሰፋ ኮት የለም፣ ኮት ከሌለ ባል አይነሳም፣ ባል ካልተነሳ ሚስት እሺ አትልም፣ ሚስት እሺ ካላለች ካሜራ የለም!»

«ኧረ ተንፍሺ እህቴ!» አለ ዓሣ አጥማጁ። «ወስፌው መረቡ ላይ ነው። መረቡ ላይ ደግሞ እሱ አለ።»

እሱ የተባለው አባ ኮዳ ነው። ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ግዙፍ ወፍ። ትርንጎ «እሽ!» አለችው። ጭራሽ አንድ እግሩን አጥፎ ተመቻቸ።

አጠገባቸው ቡርቂቱ ዓሣ ትበልታለች።

«ቡርቂቱ፣ አንድ ጭንቅላት ወርውሪለት! ጭንቅላት ካላገኘ አባ ኮዳ አይነሳም፣ አባ ኮዳ ካልተነሳ ወስፌ የለም፣ ወስፌ ከሌለ ቺንጋ አይሠራም፣ ቺንጋ ከሌለ መኪና አይሰፋም፣ መኪና ካልሰፋ ኮት የለም፣ ኮት ከሌለ ባል አይነሳም፣ ባል ካልተነሳ ሚስት እሺ አትልም፣ ሚስት እሺ ካላለች ካሜራ የለም!»

ትርንጎ «መጀመሪያ እንዲህ አድርጊልኝ» የሚለውን ስትጠብቅ፣ ቡርቂቱ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ካሜራ ካልሽ የጋሽ ላቲሶ ሚስት ናቸዋ? የኔን ሠርግ እኮ ያነሱት እሳቸው ናቸው! ለእትዬ ዘርትሁንማ አንድ ጭንቅላት ምን አላት!» ትልቁን መርጣ ወረወረችው።

ጭንቅላቱ በረረ፣ አባ ኮዳ ተነሳ፤ ወስፌው ተገኘ፣ ቺንጋው ተሠራ፤ መኪናው ዘመረ፣ እጅጌው ተሰፋ፤ ኮቱ ደረሰ፣ ባል ለበሰ፤ ከሚስቱ ጎን ቁጭ!

ቁጭ ብለውስ? ማን ያንሳ? ጋሽ ላቲሶ እንደ ልማዳቸው ብድግ ሲሉ እትዬ ዘርትሁን ኮቱን ጨምድደው መለሷቸው። «ዛሬስ ወዴት?»

ጋሽ ላቲሶ ካሜራውን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረው በሕይወታቸው ብለውት የማያውቁትን አሉ። «በይ፣ አንቺ አንሺን።»

ትርንጎ ትንፋሿን ያዘች። ቀጭ!

እትዬ ዘርትሁን ፎቶውን አዩት፣ አጠገባቸው ያለውን ሰው አዩት፣ ከዚያ እልልታውን አቀለጡት። ጋሽ ላቲሶ «እስቲ ብርሃኑ እንዴት ነው?» ብለው ወደ ካሜራው ሲንጠራሩ፣ ሚስታቸው መዳፋቸውን ቸብ አደረጉት።

«እጅህን ሰብስብ! የሰው ካሜራ ነው!»