ትከሻውን የሸሸገ ታንኳ ሠሪ

ምእመናን፣ እስቲ ዛሬ ወደ ጣና ዳር ልውሰዳችሁ። ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ግን አደራ፣ አትተኙብኝ።

አንድ ሰው ነበር። ደንገል እያጨደ፣ እያደረቀ፣ እያሰረ ታንኳ የሚሠራ። ማለዳ፣ ጉሙ ከውሃው ላይ ሳይነሣ ይወጣል። ከዳር ሆኖ ለሚያየው ታንኳው አይታይም፤ ሰውየው ብቻ ጉም ላይ ተቀምጦ የሚሄድ ይመስላል። እሱ ራሱም ውሃ ላይ ይሁን ሕልም ውስጥ አንዳንዴ ይምታታበት ነበር።

ይህ ሰው ቀኝ ትከሻው ላይ እብጠት ወጣበት። መጀመሪያ ሽምብራ ታክላለች። አላመመችውም። ከዚያ እንቁላል አከለች፤ ከዚያ ብርቱካን። እንደ ድንጋይ ጠጠረች። ክንዱ ወደ ላይ አልነሣ ሲለው መቅዘፉን በግራ እጁ ለመደ።

ለማን ነገረ? ለማንም! «ያ ክፉ በሽታ ነው» ብሎ በልቡ ወሰነ። እኛ ስሙን እንኳ አንጠራውም አይደል? ካልጠራነው የማያገኘን ይመስለናል። ጋቢውን በዚያ በኩል ደራርቦ ዝም አለ።

ጋቢ እብጠት ይሸፍናል፤ ሰላምታን ግን እንዴት አድርጎ ይሸፍን? እኛ እኮ የናፈቅነውን ሰው ስናገኝ እጅ ጨብጠን አይበቃንም። ቀኝ ትከሻ ከቀኝ ትከሻ ካልተጋጨ ሰላም የተባባልን አይመስለንም። እሱን ደግሞ የሚያመው ያው ቀኝ ትከሻው ነው። ስለዚህ ከሩቅ እጅ እየነሣ ማለፍ ጀመረ። ሰውም «ኮራ» አለው።

አንድ ቀን ታላቅ ወንድሙ ደርበው ከሐይቁ ማዶ መጣ። ከተያዩ ቆይተዋል። ገና ከበሩ «የእናቴ ልጅ!» ብሎ ሊያቅፈው ሲንደረደር፣ ይሄኛው ደንግጦ አፈገፈገ። በግራ እጁ ደረቱን ይዞ አስቆመው።

«ትከሻህን ነሣኸኝ?» አለ ደርበው። «ምን በድዬህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ካልበደልኩህ ታዲያ ምንድን ነው?»

ጋቢውን ወደ ቀኝ ትከሻው ሳብ አደረገ።

ደርበው ሳይቀመጥ ተመለሰ። «ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም» ብሎ ወጣ።

አያችሁ? የምትፈለገው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። «አሞኛል።» ምነው ይህች ቃል እንዲህ ከበደች?

ከዚያ ወዲያ እንቅልፉ ሁሉ አንድ ሕልም ሆነ። ነጭ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀዝፋል። ታንኳው ይሰጥማል። ወንድሙ ማዶ ቆሟል፤ ሊጠራው አፉን ሲከፍት ድምፅ የለም።

በመጨረሻ ቆዳው ሣሥቶ የኖራ ውሃ የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ሲወጣው ሆስፒታል ሄደ። ራጅ ተነሣ፤ የፈሳሹም ናሙና ተመረመረ። ራጁ ላይ፣ ከመገጣጠሚያው አጠገብ፣ ነጭ ነገር እንደ ዳመና ተቆልሏል።

«ጋሼ፣ ካንሰር አይደለም» አለችው ሐኪሟ። «ካልሲየም ነው የተጠራቀመው። ብዙ ጊዜ የሚገጥመን ነገር አይደለም፤ ግን በቀዶ ጥገና ይወጣል። ከነከረጢቱ ነው የማወጣው፤ ከተረፈ ተመልሶ ያድጋል።»

«ካንሰር አይደለም?»

«አይደለም።»

ሰውየው አለቀሰ። በደስታ መሰላት። «ታዲያ ወንድሜን ያጣሁት በምንድን ነው?» አላት።

«ይደውሉለታ!» አለችው። «አስታማሚም ያስፈልግዎታል።»

ደወለ። «ደርበው፣ አሞኛል» አለ። ከማዶ «የት ነህ?» የሚል ድምፅ መጣ።

ማደንዘዣው ሲወስደው ያንኑ ሐይቅ አየ። ጉሙ ተነሥቷል። ታንኳው ቀሏል፤ ማንም ሳይቀዝፈው ወደ ማዶ ይሄዳል። ዓይኑን ሲገልጥ ደርበው አልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ ሐኪሟ ያሳየችውን ነጭ ጠጠር በብልቃጥ ይዞ ያያል።

«ለዚህ ነው?» አለው። «እኔ እኮ ቂም መስሎኝ ነበር። በልቤ ስጣላህ ከረምኩ።»

ሊያቅፈው ጎንበስ አለ። ፋሻውን አየና ቆመ። ትንሽ አሰበ።

«የግራህን ስጠኝ» አለው።

በግራ ትከሻ ሰላም ተባባሉ። ያኔም በሩ ላይ ግራው ደህና ነበር እኮ! ለሁለቱም አልታያቸውም።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ጋቢያችሁ ሥር ምን አለ? ስሙን ሳትጠሩ፣ ሳታስመረምሩ፣ «ይገድለኛል» ብላችሁ የፈረዳችሁበት ነገር ምንድን ነው? ሐዘን ነው? የቆየ ኀፍረት ነው? ግማሹን ነግራችሁ ግማሹን ያስቀራችሁስ? ከነከረጢቱ ይውጣ ተብሏል!

ደርበው የሆናችሁም እዚህ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። አንድ ሰው ትከሻውን ነሥቷችሁ ቤቱን የተዋችሁ።

እንግዲህ ዛሬ ከቅጽሩ ስትወጡ ሰላም ትባባላላችሁ። እጃችሁን ስትዘረጉ የሚያፈገፍግ ሰው ካለ፣ እባካችሁ አትኩረፉ። ቀረብ ብላችሁ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» በሉት። ከዚያም የግራውን ጠይቁት።