ጅብን ያሰረው የማተብ ገመድ

ይህችን ተረት ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለልጆቻችን ሲያወራ ጅቡ ጋ ሲደርስ ድምፁ በንዴት ይሻክር ነበር። ከእሱ ጋር አብራ እንዳትቀበር ጻፍኳት። ስሙማ።

ድሮ ድሮ፣ የዱር እንስሳት ሁሉ ክርስትና ተነስተው በአንገታቸው ማተብ በሚያስሩበት ዘመን፣ በአንድ አገር ድርቅ ገባ። ወንዙ ነጠፈ፣ ኩሬው ተሰነጣጠቀ። ከገደሉ ሥር አንዲት ምንጭ ብቻ ቀረች። እሷንም አያ ጅቦ ቀድሞ ደረሰባትና አፏ ላይ ተጋደመ።

"ማተብህን ፍታ፣ ውሃህን ጠጣ!" ይላል ለመጣው ሁሉ።

መጀመሪያ እመት ጦጢት መጣች።

"አያ ጅቦ፣ ክሩ ለአንተ ምን ያደርግልሃል?"

"ምን አገባሽ? ትፈቻለሽ ወይስ ትመለሻለሽ?"

ጦጢት ግራ ቀኝ አየች። "መቼስ ክር ናት፤ ዋናው ልብ ነው" አለችና ፈትታ ሰጠችው። ጠጣች።

ጃርትም መጣ። "ክር ናት፤ ዋናው ልብ ነው" ብሎ ፈታ። ከርከሮም መጣ። የእሱ ቋጠሮ አልፈታ ቢል ጅቡ ራሱ በጥርሱ በጠሰለት። ከርከሮ "እግዜር ይስጥልኝ" አለው። አያችሁ? ማተቡን የበጠሰውን አመሰገነ!

በመጨረሻ ሚዳቋ መጣች። ባሏ ንዳድ ይዞት ተኝቷል።

"አያ ጅቦ፣ በሽተኛ አለብኝ። አንድ ጉንጭ ብቻ።"

"ማተብሽን ፍቺ፣ ውሃሽን ውሰጂ!"

"አንተ ያላሰርከውን እንዴት ፍቺ ትለኛለህ? ስጠመቅ ያሰሩልኝ ቄሱ ናቸው።"

ጦጢት ከውሃው ቀና ብላ ሳቀች። "እሷ ብቻ ክርስቲያን! ባልሽ ሲሞት ክርሽ ያስነሳው እንደሆነ እናያለን!"

ሚዳቋ ባዶዋን ተመለሰች። ባሏን ስታየው ግን አንጀቷ አልችል አለ።

"ለአንተ ስል ልፍታውና ላምጣልህ?"

"እኔን አድናለሁ ብለሽ አንቺ ከጠፋሽ ምኑን ዳንኩት?" አላት። "ይልቅ ጠል ካለ ከንፈሬን አብሽልኝ።"

ጎህ ሲቀድ ከቅጠል ላይ ጠል እየለቀመች ከንፈሩን አበሰች። ለጤነኛ የሚበቃ ጠል የንዳድን እሳት አያበርድም። ማተቡ ከአንገቱ ሳይወርድ ሞተ። ጅብ እንዳይደርስበት ብላ በቋጥኝ መካከል ባለ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ቀበረችው።

ጎረቤቶቿ ሊያስተዛዝኗት መጡ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እልኸኛ ሆኖ ነው እንጂ ይድን ነበር" አሏት። ይህን ሲሏት ጢማቸው ከምንጩ ውሃ ገና አልደረቀም!

አያ ጅቦ ለካ የሰበሰባቸውን ማተቦች እየገመደ ረጅም ገመድ ሠርቷል። እንስሳቱ ውሃ ጠጥተው ሲወፍሩ አንድ በአንድ ጠልፎ ሊጥልበት ነው። ይህም አልበቃውም። "በዚህ አገር በሙት አንገት እንኳ ማተብ አይቀርም!" ብሎ ወደ መቃብሩ ሄደ። ጉድጓዱ ቢጠልቅበት የገመዱን አንድ ጫፍ በወገቡ ላይ አስሮ እንስሳቱን ጠራ።

"ያዙልኝ፣ ልውረድ!"

ያዙለት። ያዙለት እኮ!

ሚዳቋ ስትደርስ የባሏ መቃብር አፈር እየተበተነ ነው። ጅቡን አልለመነችም። ገመድ ወደያዙት ዞረች።

"ጦጢት! ምን እያደረግሽ ነው?"

"እኔ ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው።"

"እስቲ እጅሽን እይው። የያዝሽው ምንድን ነው?"

ጦጢት አየች። ክርስትና እናቷ የቋጠረችላት ሰማያዊ ክር በመዳፏ ውስጥ ነው። ከርከሮም ጥርስ የበጠሰውን የራሱን ጥቁር ክር አወቀው። ጃርት በገመዱ ጫፍ ላይ የተቋጠረውን ማነቂያ ሲያይ እሾኩ ቆመ። "ለካ በገዛ ማተባችን ሊያስረን ነው!" አለ።

ገመዱን ሽቅብ ወጥረው ከመቃብሩ አጠገብ ካለ ወይራ ግንድ ላይ ጠመጠሙና ቋጠሩት። ጅቡ ከጉድጓዱ አፍ በታች ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ገመዱ በጀርባው በኩል ስለተወጠረ ጥርሱ አልደረሰበትም።

"ፍቱኝ!" ብሎ ጮኸ። "ክር ናት ትሉ የለ? ክር ከሆነች በጥሱልኛ!"

እነሱ ግን ቋጠሮውን ደግመው አጠበቁት።

ጅቡ ድምፁ ሲደክም፣ ጦጢት ሰማያዊ ክሯን ለመምዘዝ እጇን ሰደደች። ገመዱ ላላ፤ ጅቡ ተወራጨ፤ ደንግጣ ለቀቀችው። አንዲት ክር ከወጣች ጅቡ ይፈታል። ስለዚህ ሁሉም ባዶ አንገታቸውን እያሻሹ ቆሙ።

"እባክሽ ከአንቺ ቆርጠሽ ስጪን" አሏት ሚዳቋን።

"የእኔ ለእናንተ አይሆንም። ንስሐ ግቡ፤ ቄሱ አዲስ ያስሩላችሁ።"

ይህን ብላ የባሏን አፈር በእግሯ መልሳ አለበሰችው። ከዚያ ወደ ምንጩ ወረደች፤ እሱ ያልቀመሰውን ውሃ ማተቧ ከአንገቷ ሳይወርድ ጠጣች።

ተረቴን ለሰማ ጆሮ እግዜር ልብ ይጨምርለት።

ማተቡን በውሃ የለወጠ፣ ጥሙን ሊቆርጥ አንገቱን ሰጠ።