ሆድ ይፍጀው ያለው ቀበሮ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች፤ ትልልቆቹም ጆሯችሁን አትንፈጉኝ። ድሮ፣ እንስሳ ከሰው ጋር አፍ ለአፍ በሚነጋገርበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋ አንድ አገር ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አዝመራ ሊያጭድ ቆላ ወርዶ ደብዛው ጠፋ። ቀጥሎ በሬዋ ገደል ገባ። ቀጥሎ ክረምቱ እየገሰገሰ መጣ፤ ማሳዋ ግን ጦሙን አደረ።

ይመኙሻል ላያት ሰው ደህና ነበረች። "እንደምን አደርሽ?" ሲሏት "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። ቤቷ ስትገባ ግን እህል አይወርድላትም። ወጡ ላይ ጨው እጨምራለሁ ብላ አመድ ትጨምራለች። ያንኑም ሳታውቀው ትበላዋለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ቀበሮ ነጭ ሻሽ ጠምጥሞ፣ የገዛ ጅራቱን እንደ ጭራ እየነሰነሰ ደጇ ላይ ቆመ።

"ቤቶች!" አለ። "እኔ አዋቂ ነኝ። ጭንቀት ከሩቅ ይሸተኛል። ያንቺ ቤት ደግሞ አገሩን አስነጠሰው!"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል ጌታዬ?"

ቀበሮው ዓይኑን ጨፍኖ አነበነበ። አንደኛውን ዓይኑን ግን ግቢው ውስጥ ወደሚጭሩት ዶሮዎቿ ከፈት አድርጎ ነበር። "ገብስማ ዶሮ አምጪ፤ ጭንቀትሽን ይዛልሽ ትሄዳለች። ለሰው ግን ትንፍሽ እንዳትይ! ለሰው ከነገርሽ ይብስብሻል። ሆድ ይፍጀው በይ።"

"ሆድ ይፍጀው" አለች ይመኙሻል፤ ዶሮዋንም ሰጠችው።

ሆዷ የታዘዘውን ሊፈጅ ቢታገል ቢታገል አቃተውና ነፋ አለ። ቀበሮው ተመልሶ መጣና ዳበስ አደረገው። "መድኃኒቱ እየሠራ ነው! አሁን የቀረሽ ቀይ ዶሮ ነው። ለሰው ከነገርሽ ይብስብሻል። ሆድ ይፍጀው በይ።"

"ሆድ ይፍጀው።"

ቀይዋም ሄደች፤ ጥቁሯም ተከተለች። የይመኙሻል ሆድ እንደ ጎተራ ሆነ። መንደሩ "ፀነሰች" ብሎ አወራ። አዋላጇ እማማ ጠጄ መጥተው ጆሯቸውን ሆዷ ላይ ለጠፉና ብዙ ሰሙ።

"ይሄስ ሕፃን አይደለም" አሉ። "ሕፃን 'በሬዬን፣ በሬዬን' አይልም። ምን ሆነሻል ልጄ?"

"ኧረ ደህና ነኝ እማማ" አለች፤ ሆዷን በነጠላዋ አፍና።

አንድ ጠዋት እንስራዋን አዝላ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ በሩ ላይ ተቀረቀረች። ወደ ውጭ ብትል እምቢ፣ ወደ ውስጥ ብትል እምቢ። የተረፉት ዶሮዎች ተሰብስበው አዩዋት። ከጭንቀቱ ይልቅ እፍረቱ ባሰባትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ይሄኔ ጎረቤቷ እንጉዳይ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። በጎኗ ነበር የምትሄደው።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለች እንጉዳይ።

"ምንም። አንቺስ ምን ሆነሽ በጎንሽ ትሄጃለሽ?"

"እኔም ምንም።"

እንጉዳይ እጇን ይዛ ጎተተቻት። ስትጎትት ስትጎትት አንሸራተታትና እሷም ሄዳ ተሰነቀረች። ሆድ ለሆድ ገጠሙ። ሁለቱም አፋቸውን ግጥም አድርገው ሳለ ከታች ወሬ ተጀመረ።

"በሬዬ ገደል ገባብኝ" አለ የይመኙሻል ሆድ።

"ወይኔ እህቴን!" አለ የእንጉዳይ ሆድ። "የኔን ጎተራ ደግሞ ነቀዝ ጨረሰው። አማቴን ፈርቼ ጥቂት ደህና እህል ከላይ ነስንሼ ሸፍኛለሁ።"

ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ምን ዋጋ አለው፣ የሚያወራው አፋቸው አይደል! በመጨረሻ ይመኙሻል "ሆዴ ከተናገረ እኔን ማን ከለከለኝ?" አለችና ባሏንም፣ በሬዋንም፣ ማሳዋንም፣ አመዱንም አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችው። እንጉዳይም ነቀዟን ዘረገፈች። ተላቀሱ። ሆዳቸውም እንደተፈታ ስልቻ ፍስስስ አለና ከበሩ ወጥተው መሬት ላይ ዘጭ አሉ።

"ቆይ እስኪ" አለች እንጉዳይ፣ አቧራዋን እያራገፈች። "አንቺንም ዝም በይ ያለሽ ሻሽ የጠመጠመው ነው?"

"አዎ። ገብስማ ዶሮ ወሰደ፤ ከዚያ ቀይ።"

"ከኔም! ያ ጭራው የቀበሮ ጅራት የሚመስለው?"

"ቀበሮ አይደል እንዴ!"

ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

ከዚያ ቤት ለቤት ዞሩ። ያላበጠች ሴት አልነበረችም። አንዷ ከቆጥ መውረድ አቅቷት ምግብ በዱላ ጫፍ ይቀርብላታል፤ አንዷ ገበያ የምትሄደው እየተንከባለለች ነው። እማማ ጠጄ እንኳ በቀሚሳቸው ውስጥ ሆዳቸውን በመቀነት ጠፍረው ኖሯል። "ዓይኔ ከፈዘዘ ሰነበተ" አሉ። "ከአዋላጅነቴ እንዳትሽሩኝ ፈርቼ ነው።" ሴቶቹም "ዓይን እኛ እንሆንዎታለን፤ እጅዎን አይንፈጉን" አሏቸው። መንደሩ ሁሉ ፍስስስ በፍስስስ ሆነ።

ቀበሮው ዶሮ ሲበላ ሰንብቶ ቦርጩን እየጎተተ መጣ። "ቤቶች!" ከማለቱ ከየደጁ ሴቶቹ ወጡ፤ ሁሉም ሸንቀጥ ብለዋል። ሻሹ እስኪፈታ ደነገጠ።

"ማን ነገራችሁ?"

"እኛው ለእኛው" አለች ይመኙሻል፣ ጅራቱን ጨምድዳ ይዛ።

"በፈጠራችሁ! ለሰው አትንገሩብኝ፣ ሆድ ይፍጀው በሉ!"

ሴቶቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። በሙቀጫ ዘነዘና ካልመታነው ያሉም ነበሩ፤ ይመኙሻል ግን የፍየል ቃጭል አስመጥታ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ከዚያ ወዲያ እግሩን ባነሳ ቁጥር ቅጭል ቅጭል እያለ መምጣቱን ለዶሮ ሁሉ ይናገራል።

ሴቶቹም ሳይውል ሳያድር ደቦ ጠሩ። አንዷ በሬ ከነባሏ አመጣች፣ አንዷ ዘር አመጣች፣ አንዷ ድምጿን አመጣች፤ እየዘፈኑ የይመኙሻልን ማሳ ዝናቡ ሳይቀድማቸው አረሱት። ለእንጉዳይ ቁና ቁና እህል አዋጥተው ለአማቷ አብረዋት ነገሩላት። አሮጊቷም "እኔማ ካየሁት ቆየሁ" አሉ። "እንዳታፍር ብዬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። ይኸው እኔም ነፍቶኛል!"

የይመኙሻል ባል እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሐሳቡም ጨርሶ አልለቀቃትም፤ አንዳንድ ጠዋት ሆዷ ነፋ ይላል። ያኔ አጥሩን ተሻግራ "እንጉዳይ፣ ዛሬ መጥቶብኛል" ትላለች። ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፤ ከዚያ እንስራዋን አዝላ ውሃ ትወርዳለች።

እኔም የሰማሁትን ከሆዴ አወጣሁ፤ እናንተም አታስቀሩት። እንዲህ ይላሉ፦ ለብቻ የያዙት ጭንቀት ሆድ ይነፋል፤ ለወዳጅ የነገሩት በደጅ ያልፋል።