አቶ መርዕድና ከሩቅ የሚከፈተው ኮምፒውተር

አቶ መርዕድ የሚባሉ፣ ከራሳቸው ድምፅ ሌላ የማንንም መስማት የማይወዱ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ቢሯቸው ቁጭ ብለው የቤታቸውን ኮምፒውተር በኢንተርኔት መክፈት አማራቸውና የመሥሪያ ቤቱን የኮምፒውተር ባለሙያ ቤታቸው ድረስ ወሰዱት። ባለሙያው ሁሉን አስተካክሎ ሲያበቃ፣ «አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ጠዋት ከቤት ሲወጡ…» ብሎ ጀመረ።

«አፍህን ዝጋ! አንተ ነህ እኔን የምትመክረው?» አሉት። ዘጋ።

በማግስቱ ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰቡ። «እኔ ስናገር ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር!» ብለው ስለ ሥልጣኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ደሰኮሩ። ሲጨርሱ ደግሞ፣ «ምነው አስተያየት የሚሰጥ ጠፋ? ግዑዝ ናችሁ እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ከዚያ የቤታቸውን ኮምፒውተር በትልቁ ስክሪን ከፍተው ሊያሳዩ ሞከሩ። ደጋግመው ነካኩት፤ ወይ ፍንክች! ሠራተኛው ሳቁን ዋጠ።

«ይሄ ደነዝ ነው ያበላሸው!» አሉና ባለሙያውን አስነሡት። «ለምን እንደማይመልስልኝ አሁኑኑ እዚሁ ተናገር፤ አለዚያ የስንብት ደብዳቤህን ይዘህ ትወጣለህ!»

«ጠዋት ሲወጡ ኮምፒውተሩን ምን አደረጉት?»

«እንደ ወትሮዬ አጥፍቼ፣ ሶኬቱን ነቅዬ ነዋ! እንዳንተ ዝርክርክ መሰልኩህ?»

ባለሙያው ጭጭ ብሎ የተቀመጠውን ሠራተኛ ዞር ብሎ አየና እንዲህ አላቸው፦

«እንግዲያው ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፣ ጌታዬ። የእኛ ዕጣ ነው የደረሰው፤ ራስዎ ዝም አሰኝተውት ሲያበቁ፣ ለምን አትመልስልኝም ብለው ይቆጡታል።»